ከአራት ሰው በላይ አይወጣም

ጓደኛዬ ሊያገባ መሆኑን የነገረኝ አየር ጤና፣ ታክሲ ተራው ጀርባ ካለች ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ነው። «ላገባ ነው፤ ሁለተኛ ሚዜዬ አንተ ነህ» አለኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ጆሮዬ ውስጥ የገባችው «ሁለተኛ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። እንኳን ደስ አለህ ማለት ነበረብኝ፤ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። እኔ ግን ስፕሪሴን በማንኪያ እያማሰልኩ «አንደኛውስ ማነው?» አልኩት።

አንደኛው የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስቴ አይቼዋለሁ። ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ሰላም ሲል ትከሻ ለትከሻ አይጋጭም፤ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። የራሱ መኪና አለው። አንዳቸውም ወንጀል አይደሉም። በዚያች ቅጽበት ግን ሁሉንም እንደ ወንጀል ቆጠርኩበት።

እኔና ጓደኛዬ ያደግነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የእኛን ቤትና የእነሱን ቤት የሚለየው ግድግዳ ጭቃ ስለነበር ማታ ሲያስል እሰማው ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ተምረናል፤ አንዳችን ባጠፋነው ሌላችን ተገርፈናል። እኔ ሳገባ አንደኛ ሚዜዬ እሱ ነበር። የሰርጉን ሳምንት እኛ ቤት ከርሞ ድንኳን አስተክሏል፣ ወንበር አስመጥቷል፣ በሰርጉ ቀን ግንባሬን በመሐረብ ሲጠርግ ውሎ ሲሸኘን ከእናቴ እኩል አልቅሷል። የእሱ ተራ ሲደርስ ማን አንደኛ እንደሚሆን የሚያጠያይቅ አልመሰለኝም ነበር።

«የእሷ እናት ናቸው» አለኝ፣ ዓይኑን ወደ ታክሲዎቹ አድርጎ። «አንደኛ ሚዜ ያላገባ መሆን አለበት አሉ። ወጉ እንደዚያ ነው አሉ።»

«የት አገር ነው ወጉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አሉ።»

«እኔ እዚሁ ኮልፌ የገዛ ልጁ ሱሪውን ይዞ የሚያለቅስበት አንደኛ ሚዜ አይቻለሁ።»

«በናትህ አታስቸግረኝ። ሁለተኛም እኮ ያው ሚዜ ነው።»

ያው ከሆነ ረጅሙን ለምን ሁለተኛ አላደረገውም? ይህን ግን ዋጥኩት። ስፕሪሴን ሳልጨርስ ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ፤ ምንም ሥራ አልነበረኝም።

እንዲህ የተንገበገብኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እሱም ቤቱ ነው።

ከልጅነት ሰፈራችን ቀለበት መንገዱን ተሻግሮ አንድ የጥንት ቤት አለ። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ከሥር ድንጋይ፣ ከላይ ጭቃና እንጨት። ፎቁን ዙሪያውን ሰገነት ከቦታል። የሰገነቱ ጠርዝ የተፈለፈለ ጣውላ ነው፤ እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታለብሰውን ዳንቴል ይመስላል። ወደ ሰገነቱ የሚያስወጣው ደረጃ በውጭ በኩል ነው። የድሮ መኳንንት ያሠሩት ነው ይባላል። በኋላ ቀበሌ እህል አከማችቶበታል። እኛ ስንደርስበት ግን የማንም አልነበረም፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሮ ሣሩ ወገብ ይደርስ ነበር።

ከትምህርት ቤት ፎርፈን በቆርቆሮው ቀዳዳ እንገባና ደረጃው ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ እየቆረጠምን ሽቅብ እናያለን። መውጣት አይታሰብም። የታችኞቹ እርከኖች ተነቅለው ለማገዶ ሄደዋል፤ የቀሩትም በስብሰዋል። የምንከራከረው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነበር። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሲታይ ግቢያችን ይታያል ወይስ አይታይም? እሱ ይታያል ይላል። እኔ መሀል ላይ ያለው መስጊድ ይጋርደዋል እላለሁ። አንድ ቀን በዚህ ስንነታረክ ውለን ሲደክመው «ሲታደስ አብረን ወጥተን እናየዋለን» አለ። ያለው እሱ ነው። እኔ አላስገደድኩትም።

ቤቱ ታደሰ። ቆርቆሮው ተነሳ፣ ዙሪያው ፓርክ ሆነ፤ ሣሩ ተስተካክሎ ተቆረጠ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ የልጆች መንሸራተቻ መጣ፣ ቤቱም ጣሪያው ቀይ ተቀብቶ፣ ደረጃው ተጠግኖ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ። ወሬውን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ስልክ ደውዬ የነገርኩትም እኔ ነኝ። «በቃ ለሰርጉ ፎቶ እዚያ ነው የምንሄደው!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ገና የሚዜው ጉዳይ አልተነሳም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ «ላይ ልንወጣ ነው» አልኳት፤ ምን ላይ እንደሆነ እንኳ ሳልነግራት።

የጥር ሰርግ ነው። ጠዋት ባለቤቴ ከረባቴን ስታስተካክል ፊቴን አየት አደረገችና ሳቀች።

«ምነው፣ ሚስትህን ሌላ ሰው ያገባብህ ትመስላለህ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ቀንተሃል እንጂ።»

«ወንድ ልጅ በሚዜነት ይቀናል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለችና ደረቴ ላይ የሚዜነት ነጭ አበባዬን ሰካችልኝ። ከዚያ እሷ ከሌሎቹ እንግዶች ጋር ወደ አዳራሹ፣ እኔ ወደ ሙሽራው ቤት ሄድን።

ልክ ነበረች። ሱፍ ኪሴ ውስጥ የተተኮሰ መሐረብ ነበር፤ ለራሴ አልነበረም። ጓደኛዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ላብ በላብ የሚሆን ሰው ነው። ሒሳብ ፈተና ላይ ወረቀቱ ይርስበት ነበር። ይህን ረጅሙ ሊያውቀው አይችልም ብዬ ነው የያዝኩት። መሐረቡን ስተኩስ ግን ለጓደኛዬ አዝኜ እንደሆነ ወይስ ረጅሙን ላሳጣው ፈልጌ እንደሆነ እኔም አልለየሁትም ነበር።

ሙሽሪትን ከቤቷ ይዘን ስንወጣ አንደኛው ሚዜ የሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ከፊት ገባ። እኔ ሦስተኛው መኪና ውስጥ የቪዲዮው ሰውዬ የካሜራ መቆሚያ ጉልበቴ መሀል ተደቅኖ ተቀመጥኩ። ጥሩምባው፣ ጭብጨባው፣ ከመስኮት የወጣው እጅ ሁሉ ከፊት ነበር። እኛ መኪና ውስጥ ሹፌሩ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ነው የሚያወራው። አየር ጤና መብራቱ ላይ ቀዩ ያዘንና የሙሽሮቹ መኪና አለፈ። ከኋላ መስታወታቸው ረጅሙ ወደ ኋላ ዞሮ ጓደኛዬ ጆሮ ላይ የሆነ ነገር ሲያንሾካሹክለት፣ ጓደኛዬም ሲስቅ አየሁ። ምን ቢለው ነው እንደዚያ የሚያስቀው? እስከ ፓርኩ ድረስ እሱን ሳሰላስል ደረስኩ።

ፓርኩ ውስጥ ሙሽራ በሙሽራ ነው። ሁሉም ቤቱ ፊት ለፊት ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል፤ ቬሎዎቹ በሣሩ ላይ ተዘርግተዋል፣ ሚዜዎቹ ጥላ ፍለጋ ግድግዳው ሥር ተለጥፈዋል። ደረጃው ሥር ካኪ ካፖርት የለበሱ አዛውንት ጥበቃ ዱላቸውን አግድም ይዘው ቆመዋል።

ተራችን ሲደርስ ዱላውን ሳያነሱ «ልጆች፣ ከአራት ሰው በላይ አይወጣም» አሉ። «ጣውላው የጥንት ነው፤ አይችልም።»

ፎቶ አንሺው አንገቱ ላይ ሁለት ካሜራ ያንጠለጠለ ችኩል ልጅ ነው። «በቃ ሙሽሮች፣ አንደኛ ሚዜ፣ አንደኛ ሴት ሚዜ! እኔ ከታች ሆኜ ነው የማነሳው። ሌሎቻችሁ ዞር በሉልኝ» አለ።

እኔ ዞር አላልኩም። «አባባ፣ እኔ ቀጭን ነኝ፤ ምንም አልከብድም፤ አንዴ ልውጣ?» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተስ ቀጭን ነህ ልጄ። ቬሎው ግን ብቻውን የሁለት ሰው ነው።»

ሌሎቹ ሚዜዎች ሳቁ። እኔም ለሰው ይምሰል ፈገግ አልኩ። ጓደኛዬ የመጀመሪያው እርከን ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ዞር ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዞረም። አንዲት ሴት ሚዜ የሙሽሪትን ነጠላ ጫማ አምጥታ አስታቀፈችኝ። ረጅሙ ደግሞ ሁለተኛው እርከን ላይ ከደረሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ «ያዝልኝ ወንድሜ» አለና የፀሐይ መነጽሩንና የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ምን ማድረግ እችላለሁ? እሱ በዚያ ደረጃ ሽቅብ ሄደ። የእኔ ደረጃ ነበር እኮ።

ያኔ ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። ሙቀቱን ሰበብ አድርጌ ኮቴን አወለቅሁ፣ ከረባቴን ፈታሁ፣ አበባዬን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። አንደኛ ካልሆንኩ ሁለተኛም አይደለሁም ብዬ መሆን አለበት። ኮቴን አንዱ ሚዜ ላይ ወርውሬ፣ ጫማውንና መነጽሩን እንደታቀፍኩ በሸሚዝ ብቻ ጥበቃው አጠገብ ቆምኩ።

ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ፊት ለፊት መታቻቸው። የፈራሁት አልቀረም፤ ጓደኛዬ ላቡ ወረደ። ረጅሙ ኪሱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ሶፍት አወጣ። ሶፍት! ግንባሩን ጠረገለት፣ ጉንጩን ጠረገለት፣ ለሰርጉ ብሎ ያሳደገውን ፂሙን ጠረገለት፤ ሶፍቱም እዚያው ፂሙ ላይ ተቆራርሶ ቀረ። ከታች ሆኜ ነጩ ብጥስጣሽ ወለል ብሎ ይታየኛል። ፎቶ አንሺው ግን ስለ ብርሃኑ እንጂ ስለ ፂሙ ግድ የለውም፤ «ቀና በል ሙሽራው፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይላል።

ይበለው አልኩ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። አንደኛ ሚዜውን አማቱን አስመርጦ የለ? እድሜ ልኩን ግድግዳው ላይ ፂሙ ውስጥ ሶፍት ይዞ ይኑር። ልጆቹ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት ማን እንደጠረገለት ይንገራቸው። ይህን እያሰብኩ ሽቅብ ሳየው እጆቹን የት እንደሚያስቀምጥ ግራ ገብቶት የሙሽርነት ነጭ ጓንቱን እንደገና ሲያጠልቅ አየሁት። ሲፈራ እንደዚያ ነው። አላስቻለኝም። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ «ጥረግ፣ ጥረግ» በሚል ምልክት አሸሁት። አየኝ። ፊቱ ክፉኛ ተለዋወጠ፤ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ ካሜራው መለሰ። እኔ አሁንም አገጬን አሻለሁ። በዚህ መሀል ረጅሙ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ፎቶው ተነሳ።

«አለቀ! ቀጣይ ሙሽራ!»

ረጅሙ ነገሩን ያየው ሲወርዱ ገና ነው፤ በጣቱ እየለቀመ አራገፈለት። ጓደኛዬ ግን የሙሽሪትን ቬሎ ይዞ ዓይኑን እርከኖቹ ላይ ስለተከለ ልብም አላለው። መሐረቤ ከኪሴ ሳይወጣ ዋለ። ጓደኛዬ በአጠገቤ ሲያልፍ አላናገረኝም፤ እኔም አላናገርኩትም። ሌሎቹ ወደ መኪናው ሲሄዱ ጥበቃውን «አባባ፣ አሁንስ ለአንድ ደቂቃ ልውጣ?» ብዬ ለመንኳቸው። ሌላ ሙሽራ ቬሎዋን ሰብስባ ደረጃውን ጀምራዋለች።

«ሌላ ቀን ቲኬት ቆርጠህ ና ልጄ፤ ያኔ እንደልብህ ትወጣለህ።»

ብቻዬን ወጥቼ ምን ልሠራ? አመስግኛቸው ሄድኩ።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሙሽሮቹ ሚዜዎችን ቤታቸው ጋበዙን። ቤታቸው ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ቀለሙ ገና ይሸታል፣ ሶፋው ላስቲኩ አልተነሳለትም። ከሶፋው በላይ ግድግዳውን የሞላ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ያ ቤት፣ ቀዩ ጣሪያ፣ ሰገነቱ፣ አራቱ ሰዎች። የረጅሙ እጅ የጓደኛዬ ትከሻ ላይ ነው። ጓደኛዬ ፂም ላይ አንዲት ሶፍት የለችም።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ከደረጃው ሥር፣ ከጥበቃው አጠገብ ቆሜ ነበር እኮ። ፎቶው ላይ ግን የደረጃው ምሰሶና ሣሩ ብቻ ነው ያለው። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጥላዬ እንኳ የለም።

ሙሽሪት ስመለከት አይታ «ያምራል አይደል?» አለችኝ። «ፎቶ አንሺው ጎበዝ ነው። ከሥር ሁለት የፓርኩ ሠራተኞች ገብተውበት ነበር፤ እኔ ሳላየው በኮምፒውተር አውጥቷቸው ነው ያመጣልን።»

«በጣም ንጹህ ሥራ ነው» አለ ረጅሙ፣ ጉርሻውን ሳይውጥ።

የፓርኩ ሠራተኛ! ኮቴን አውልቄ፣ አበባዬን ነቅዬ፣ ጫማ ታቅፌ ከጥበቃው ጎን ከቆምኩ ሌላ ምን እመስላለሁ? ጥፋቱ የራሴ መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። «ሠራተኞቹስ ቢኖሩ ምን ያስቸግሩ ነበር?» አልኩ፤ ድምፄ ከፈለግኩት በላይ ወጣ። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ሙሽሪት ግራ ገብቷት ወጥ ልትጨምርልኝ ተነሳች።

ጓደኛዬ እጁን ታጥቦ መጣና «ና እስቲ፣ በረንዳውን ላሳይህ» አለኝ።

በረንዳው የሚታይ ነገር አልነበረውም። ጀሪካን ተደርድሯል፣ ሽንኩርት በቅርጫት ተቀምጧል፣ የከሰል ምድጃ አለ፣ ገመዱ ላይ ካልሲ ተሰጥቷል። ሁለት ወንድ ትከሻ ለትከሻ ሲቆም ይሞላል። ከታች የታክሲ ረዳቶች «አየር ጤና፣ አየር ጤና» ይላሉ። በሩን ገርበብ አደረገና ስልኩን አወጣ።

«ፎቶ አንሺውን፣ ምንም ሳትነካቸው ፎቶዎቹን ላክልኝ ብዬው ነበር» አለና በሁለት ጣቱ አሰፋልኝ። «ይሄ ማነው?»

እኔ ነኝ። በሸሚዝ፣ የሴት ጫማ ታቅፌ፣ የሰው መነጽር ይዤ፣ አንድ እጄ አገጬ ላይ ሆኖ ሽቅብ አፍጥጫለሁ። የተቀማ ሰው ፊት ነው። ያ ፊት እኔ ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር።

«በሰርጌ ቀን ለምንድን ነው የዛትክብኝ?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

«እኔ? መች?»

«ይኸው! አገጭህን ይዘህ እንዲህ እንዲህ። "ቆይ ብቻ፣ አገኝሃለሁ" ያልከኝ መስሎኝ አዳራሽ ገብቼ ምግቡ አልወርድልኝ አለ።»

«ፂምህ ላይ ሶፍት ነበር እኮ! ጥረገው ነው ያልኩህ።»

ስልኩን ወደ ራሱ አዞረና ፎቶውን ወደ ላይ ሳበው። ነጩ ብጥስጣሽ ፂሙ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እኔ፤ ጀሪካኑን እስክንገለብጥ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ ገና አልወጣልኝም ነበር።

«ደረጃው ላይ ለምን ዞር አላልክም?» አልኩት።

«ከኋላዬ ያለህ መስሎኝ ነዋ» አለ። «የእግር ኮቴ እሰማለሁ። አንተ ነህ ብዬ ነው የወጣሁት። ላይ ደርሼ ዞር ስል እሱ ነው።»

«ግቢያችን ታየህ?» አልኩት፣ አንድ ነገር ለማለት ያህል።

«አላየሁም።»

«እዚያ ላይ ቆመህ?»

«በዚያ በኩል አልዞርኩም። አብረን ነው የምናየው አላልኩህም?»

ለካ አልረሳውም። ይህን ሰምቼ ልቤ መራራት ነበረበት፤ ትንሽም ራራ። ገና ሙሉ በሙሉ ሳይራራ ግን በሩ ተከፈተና የረጅሙ ራስ ብቅ አለ።

«እዚህ ናችሁ እንዴ? እኔም ትንሽ ነፋስ ልቀበል» አለና አንድ እግሩን አወጣ።

«አይሆንም» አልኩት። «ከሁለት ሰው በላይ አይወጣም።»

እግሩን አየር ላይ እንዳለ አቆመው። ወለሉን አየ፣ ከዚያ ጓደኛዬን አየ። «አዲስ ሕንፃ አይደለም እንዴ?»

እኔም ጓደኛዬን አየሁት። ቀልድ ነው ብሎ ሊያስገባው ይችላል፤ ቤቱ የእሱ ነው፣ እንግዳውም የእሱ ነው። አንድ ቃል ከተናገረ ጀሪካኑን ገፋ አድርገን ለሦስት እንቆማለን። ልክ እንደዚያን ዕለት ደረጃው ሥር እንደጠበቅሁት ጠበቅሁ።

ጓደኛዬ ስልኩን ኪሱ ከተተና እንደ ጥበቃው ኮስተር ብሎ ወለሉን በጫማው ቆረቆረ።

«አይችልም ወንድሜ» አለው። «ሲሚንቶው ገና አልደረቀም።»

ረጅሙ እግሩን ቀስ ብሎ መለሰ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።